«ደሞዜን ሙሉ እሰጣታለሁ፤ ታዲያ እዳው ከየት መጣ?»

የዛሬው ደብዳቤ ድሬዳዋ፣ ከሳቢያን የተላከ ነው። የሰውየውን ማንነት የሚጠቁሙ ነገሮችን አውጥቼ፣ ትንሽ አሳጥሬ አቅርቤዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። የ41 ዓመት ሰው ነኝ። አንድ ፋብሪካ ውስጥ ቴክኒሻን ሆኜ እሠራለሁ። ባለቤቴ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። ከተጋባን 12 ዓመት ሆኖናል፤ ሁለት ልጆች አሉን። እኔ እንደ ሌላው ወንድ ደሞዜን ደብቄ አላውቅም። እጄ ላይ የሚደርሰው 15,200 ብር ነው። ለጫት፣ ለሻይና ለሲጋራ በቀን 150 ብር አስቀርና ሌላውን ሙሉ በሙሉ ለእሷ ነው። የኤቲኤም ካርዴ ራሱ እሷ ጋ ነበር። እሷ 8,400 ብር ታገኛለች። ኪራይ 6,500 ነው፣ የሁለቱ ልጆች ትምህርት ቤት 4,800፣ እቁብ በወር 2,000 ትጥላለች። ሌላውን አላውቅም፤ የእሷ ሥራ ነው። እሷ እጅ የገባ ገንዘብ ይበረክታል እያልኩ ለሰው ሁሉ ሳወራ ነው የኖርኩት። አምና እናቴ ለሕክምና ከሂርና መጥታ ሁለት ወር እኛ ጋ ስትቀመጥ እንኳን አንድ ነገር ሳይጎድል ነው ያለፈው።

ባለፈው ወር የሰፈራችን ባለሱቅ መንገድ ላይ አስቁሞኝ ‹የዱቤውን ነገር እንዴት እናድርገው?› አለኝ። የምን ዱቤ? 9,000 ብር! ቤት ገብቼ ስጠይቃት አለቀሰች። ከእህቷም 15,000 ብር ተበድራለች። እቁቡንም ቀድማ በልታው ኖሯል፤ ገና 11 ወር ይቀራታል፣ 22,000 ብር ማለት ነው። በድምሩ 46,000 ብር። ካርዴን ተቀብያታለሁ። በርጫ ላይ አንድ ጓደኛዬ ‹አንተ ያልፈረምክበት እዳ አይመለከትህም፣ ራሷ ትክፈል› አለኝ። እውነት ነው? ከዚህ በኋላስ እንዴት ነው የማምናት? ግራ የገባኝ ነኝ።»

ወንድሜ፣ «አንተ» እያልኩ ብጽፍልህ ቅር አይበልህ። ድሬ ላይ አንቱታ እምብዛም ነው።

ባለሱቅ መንገድ ላይ አስቁሞ ስለማታውቀው እዳ ሲጠይቅህ ያናድዳል፣ ያሳፍራልም። ሚስትህ መደበቋም ልክ አልነበረም፤ ቆይቼ እመጣበታለሁ። ደብዳቤህን ሳነብ እኔን የያዘችኝ ግን ሌላ መስመር ናት። እናትህ ሁለት ወር ሲቀመጡ «አንድ ነገር ሳይጎድል ነው ያለፈው» ትላለህ።

በምን አለፈ አቦ? ቤት ውስጥ በሽተኛ ሲኖር መድኃኒት አለ፣ ሾርባ አለ፣ ሐኪም ቤት የሚያመላልስ ባጃጅ አለ። ሊጠይቅ የሚመጣ ዘመድ አለ፣ ለዘመዱም ቡና ይፈላል፣ ምሳ ይቀርባል። በእነዚያ ሁለት ወራት ያንተም የእሷም ደሞዝ አልጨመረም። ያኔ ገንዘቡ ከየት መጣ ብለህ አልጠየቅክም። ከ46,000 ብሩ ውስጥ የእናትህ ሕክምና ቢኖርበት አይገርመኝም። ጠይቃት፤ ግን በቁጣ አይሁን።

እስቲ የላክልኝን ቁጥር አብረን እንደምረው። በቀን 150 ብር በወር 4,500 ይሆናል። ስለዚህ ቤት የሚደርሰው 10,700 ብር ነው። «ሙሉ በሙሉ» ለማለት ትንሽ ይቀረዋል፣ ግን ይሁን። የእሷ 8,400 ሲጨመርበት 19,100። ኪራይ፣ ትምህርት ቤትና እቁብ 13,300 ይወስዳሉ። የሚተርፈው 5,800 ብር ነው። ለ30 ቀን ስታካፍለው በቀን 193 ብር ገደማ ይመጣል።

በዚህ 193 ብር አራት ሰው ቁርስ፣ ምሳና እራት ይበላል። ጤፉ፣ ዘይቱ፣ ሽንኩርቱ፣ ከሰሉ፣ ሳሙናው፣ መብራትና ውሃው፣ የልጆቹ ደብተር፣ የእሷ ትራንስፖርት፣ የእድሩ መዋጮ፣ ሁሉም ከዚያው ነው። አንተ ብቻህን ደግሞ 150 ብር። ጫት ድሬ ላይ ምን ቦታ እንዳለው አላጣሁትም፤ በርጫ የሚያመሸው ሰው ሁሉ ቤቱን የጣለ ነውም አልልም። ግን እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጠህ አይተሃቸው አታውቅም። እሷ አይታቸዋለች። በየቀኑ።

እንግዲህ በረከት ያልከው ነገር ዱቤ ነበር ማለት ነው።

አንድ ነገር ላንተ ልመስክር። ደሞዙን የሚደብቅ፣ ሚስቱ ስንት እንደሚያገኝ ከጎረቤት የምትሰማበት ባል ስንት አለ። ጠዋት ጠዋት የአስቤዛ ብር ቆጥሮ የሚሰጥ፣ ማታ ደግሞ መልስ የሚጠይቅም አለ። አንተ እንደዚያ አይደለህም። ግን ገንዘቡን ስታስረክብ ጭንቀቱንም አብረህ አስረክበሃል። የትኛው ክፍያ ለሚቀጥለው ወር ይዛወር፣ የትኛው ልጅ ጫማ ይጠብቅ፣ ለየትኛው ሰው «ሳምንት እከፍላለሁ» ይባል የሚለውን የምትወስነው እሷ ብቻዋን ናት። ሲሳካ አንተ በሰው ፊት ትኮራበታለህ። ሳይሳካ ጥፋቱ የእሷ ይሆናል። ቆጥሮ እንደሚሰጠው ባል ቤት ሁሉ፣ ያንተም ቤት ውስጥ የሚጨነቀው ሰው አንድ ነው።

ሙገሳህ ራሱ ነገሩን አክብዶታል ብዬ አምናለሁ። «የእሷ እጅ በረከት አለው» ተብላ በሰው ፊት የተመሰገነች ሴት «ዘንድሮ አልበቃኝም» ለማለት አፏ አይፈታም። መጀመሪያ ላይ የጎደለው 300 ወይም 400 ብር ይሆናል። ይህንንማ እንዴት እነግረዋለሁ፣ የሚመጣው ወር አስተካክለዋለሁ ትላለች። የሚመጣው ወር ደግሞ የባሰ ይመጣል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዘይቱም፣ ልብሱም፣ መድኃኒቱም ደሞዝን ጥሎ ሄዷል። የእናንተ ደሞዝ ባለበት ከቆመ ጉድለቱ በየወሩ ሰፍቷል። ጥፋተኛ መፈለግ ከጀመርክ ይህንንም ቁጠረው።

አሁን ወደ ጓደኛህ። እሱ ያለህ ነገር ግማሹ ሕግ ነው፣ ግማሹ የበርጫ ወሬ።

ድሬዳዋ ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ የሆነች ከተማ ስለሆነች እናንተ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። ሐረር ብትሆኑ ኖሮ ክልሉ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው። በአዋጁ አንቀጽ 68 መሠረት ከ500 ብር በላይ ለመበደር፣ ለማበደር ወይም ለሌላ ሰው ዋስ ለመሆን የባልና ሚስቱ ስምምነት ያስፈልጋል። ከ100 ብር በላይ ከጋራ ገንዘብ ስጦታ ለመስጠትም እንዲሁ። ስለዚህ ሳታማክርህ መበደሯ ከሕጉ ጋርም አይሄድም። ጓደኛህ እስከዚህ ድረስ ልክ ነው።

ቀሪውን ግን አላነበበውም። ያው ሕግ ለትዳር ጥቅም የተወሰደ እዳን የሁለታችሁም የአንድነትና የነጠላ እዳ ያደርገዋል። በተራ ቋንቋ፣ አበዳሪው ከጋራ ንብረታችሁም፣ ከእሷም፣ ካንተም ሊጠይቅ ይችላል። የትዳር ጥቅም የሚባለው ምንድን ነው? ለባል፣ ለሚስትና ለልጆች መተዳደሪያ የሚወጣ ወጪ፣ እንዲሁም ከሁለቱ አንዱ በሕግ የመጦር ግዴታ ያለበትን ሰው ለመጦር የሚወጣ ወጪ። ዱቤው ዱቄትና ዘይት ከሆነ፣ የእህቷ ብር ትምህርት ቤት ወይም የእናትህ መድኃኒት ላይ ከዋለ፣ «አልፈረምኩም» ማለት ብዙም አያድንህም። ደግሞስ ባለሱቁ መንገድ ላይ ያስቆመው ማንን ነው? አንተን። ሕጉን ሳያነብ ገብቶታል።

ሌላም አለ። በትዳር ውስጥ በሁለታችሁ ጥረት የሚገኘው ገቢ የጋራ ነው። ደሞዝህ ያንተ፣ ደሞዟ የእሷ የሚባል ነገር የለም። እያንዳንዳችሁ ደሞዛችሁን በየስማችሁ ወይም በጋራ ሂሳብ ማስቀመጥ ትችላላችሁ፤ አንዱ ሲጠይቅ ግን ሌላው ስላገኘው ገቢ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ስለዚህ «ካርዴን ተቀብያታለሁ» ያልካት ነገር አልጣመችኝም። ካርዱ ያንተ ሊሆን ይችላል። ውስጡ ያለው የሁለታችሁ ነው። የጋራ ሂሳብ ብትከፍቱ ጥሩ፣ ባትከፍቱም ችግር የለም። የእናንተ ጣጣ ከባንክ ሂሳቡ አይነት የመጣ አይደለም።

ሚስትህን በተመለከተ ቃል ገብቼ ነበር። ይህን ክፍል ብታነብላት ደስ ይለኛል። እህቴ፣ ጉድለቱን ብቻሽን መሸከምሽ ፍቅር ሊሆን ይችላል፣ ኩራትም ሊሆን ይችላል፣ የቤትን ገመና መጠበቅም ሊሆን ይችላል። ግን ባልሽ ጫቱን የመቀነስ ዕድል እንኳን አልተሰጠውም። የማያውቀውን ነገር እንዴት ያግዝ? እህትሽን አበዳሪ ማድረግሽ ደግሞ እዳውን ከቤታችሁ አስወጥቶ ወደ ቤተሰብ ወስዶታል። ብሩ ቢከፈልም ነገሩ ሳይወራ አይቀርም። መጀመሪያ የጎደለሽ ቀን ይነገር ነበር።

አንተ ደግሞ ካርድ ስትነጥቅ ምን እንዳስተማርካት ልብ በል። ቀጣዩን እዳ ይበልጥ አርቃ እንድትደብቅ ነው።

እንዴት አምናታለሁ ላልከው፣ እኔ የምመክርህ ቀፊራ ገበያ እንድትወርድ ነው። የሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትከር፣ አብረሃት ሂድ። ዘንቢሉን አንተ ያዝ። አትምራት፣ አትከራከርላት፣ ዝም ብለህ ተከተላት። መግቢያው ላይ ካለችው ሴት ቲማቲም ስትገዛ አታያትም፤ አልፋ ወደ ውስጥ ትገባለች። አንዱን መደብ ጠይቃ ትተወዋለች፣ ሌላውን ትጠይቃለች፣ ተመልሳ የመጀመሪያውን በአምስት ብር አስቀንሳ ትወስዳለች። ሽንኩርት አንድ ኪሎ ብላ ትጀምርና ቦርሳዋን አየት አድርጋ «ግማሽ አድርጊልኝ» ትላለች። ድንች ይገባል፣ ካሮት ይቀራል። ለልጆቹ ሙዝ ፊት ትቆምና ታልፋለች። ስትመለሱ ባጃጅ ልጥራ ስትላት «ቅርብ ነው፣ በእግር እንሂድ» ካለችህ፣ ያኔ ዘንቢሉን ይዘህ ከነሙቀቱ ተራመድ።

ከዚያ በቀጥታ ባለሱቁ ጋ ግቡ። ደብተሩን ይክፈትላችሁ። የዱቤ ደብተር መቼም አይዋሽም። ዘይት አንድ ሊትር፣ ዱቄት፣ ሻማ፣ የልጅ እስክሪብቶ፣ ቀኑ አጠገቡ አለ። እናትህ እናንተ ጋ የነበሩበትን ሁለት ወራት ፈልግና ገጹን እይ። ይህን ያልኩህ ልታጣራባት አይደለም። በዚያ ገጽ ላይ አንተ የበላኸውን ምሳ ታገኘዋለህ።

ቁጭ ብላችሁ ስትነጋገሩ ሰዓቱን ምረጡ። ከጫት በኋላ አይሁን። ምርቃና ላይ ስንት ፎቅ እንደሚቆም ሁላችንም እናውቃለን፤ 46,000 ብርም በአንድ ሰዓት ተከፍሎ ያልቃል። ሲበርድ ደግሞ የሚያናድደው ይበዛል። ከመቃምህ በፊት፣ ወይም ባልቃምክበት ቀን፣ ማታ ነፋስ ሲመጣ ደጅ ምንጣፍ አንጥፋችሁ ተቀመጡ። ልጆቹ ይተኙ። ስልኮቻችሁን አውጡና የቴሌብራችሁንና የባንካችሁን ዝርዝር አብራችሁ እዩ። የስልክ ብድርም ካለ፣ እንደ ቴሌብር መላ ወይም እንደኪሴ ዓይነቱ፣ ያንተም የእሷም፣ እዚያው ይውጣ። ትንንሽ ነው ተብሎ የሚረሳው እሱ ነው።

ለእዳው እኔ ቅደም ተከተል ልስጥ። እቁቡ አይነካም፤ ዳኛውና ዋሱ ፊት መቆም የከፋ ነው፣ እሱ በወሩ ይቀጥል። ቀጥሎ ባለሱቁ። እሱ ካኮረፈ ወር አጋማሽ ላይ የምትሄዱበት የላችሁም። ከቀን ኪስህ ግማሹን ብትቀንስ፣ 75 ብር ማለት ነው፣ በወር 2,250 ይሆናል። 9,000ው በ4 ወር ይዘጋል። ከዚያ ያው 2,250 ወደ እህቷ ይዞር፤ 15,000ው 7 ወር ገደማ ይፈጃል። ያን ጊዜ እቁቡም ያልቃል። ለእህቷ አሁኑኑ ሁለታችሁም ሄዳችሁ ንገሯት። ቀኑን ካወቀች ትጠብቃለች።

ግን አላታልልህም፣ ይህ ያለፈውን እዳ ይከፍላል እንጂ 193 ብሩን አይጨምርም። በ193 ብር ቤት አይቆምም። ስለዚህ አንድ ከባድ ነገር መወሰን አለባችሁ። ቀሪው 75 ብርም ወደ አስቤዛ ይምጣ? ርካሽ ቤት ይፈለግ? ልጆቹ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ይዛወሩ? እሷ ማስጠናት፣ አንተ ከሥራ ሰዓት ውጪ ጥገና ትጀምሩ? የእኔን አስተያየት ከጠየቅክ ልጆቹን ከመንካታችሁ በፊት ጫቱ ይነካ። ውሳኔው ግን የሁለታችሁ ነው። ይህን ውሳኔ ነው እስከዛሬ አብራችሁ ያልወሰናችሁት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር ተስማሙ። አንደኛው፣ ሳይማከሩ የማይወጣ የገንዘብ ልክ። ሕጉ 500 ያለው በ1992 ነው፤ ያኔ 500 ብር ወፍራም ገንዘብ ነበር። እናንተ 2,000 በሉት፣ 3,000 በሉት። ከዚያ በላይ ከሆነ ለእናትህም ይሁን ለእህቷ፣ ለለቅሶም ይሁን ለሠርግ፣ መጀመሪያ ስልክ ይደወል። ሁለተኛው፣ የኪስ ገንዘብ። ያንተን ነገርከኝ። የእሷን ግን ደብዳቤህ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። ትንሽም ቢሆን ይኑራት፤ ምን እንዳደረገችበትም አትጠይቃት።

ካርዱን የምትመልስላት በይቅርታ መልክ አይሁን። ወር በገባ ቁጥር ደሞዝ የወጣ ቀን ማታ ሁለታችሁም ደብተር ይዛችሁ ተቀመጡ፤ ካርዱ ከዚያ በኋላ ማን ጋ እንዳለ ለውጥ አያመጣም። ከእናንተ የሚበልጥ ነገር ሆኖ ካገኛችሁት ሽማግሌ ጥሩ፤ ግን ካንተ ወገን ብቻ አይሁን። እህቷም አትሁን፣ አበዳሪ ናት።

እስካሁን የሰማሁት ያንተን ወገን ብቻ ነው። ቀፊራ ደርሳችሁ ከተመለሳችሁ በኋላ እሷም ብትጽፍልኝ፣ ያልገባኝ ካለ አስተካክላለሁ።